በመደቅ ማሸነፍ

ነገሩ የተጀመረው ሐዋሳ፣ ባህል አዳራሽ ውስጥ ነው። ስብሰባ ላይ ነበርን። ስብሰባ ስላችሁ ታውቁታላችሁ፤ መድረኩ ላይ ረጅም ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውኃ፣ ከበስተጀርባው ባነር፣ ከባነሩ ጎን የፕሮጀክተር መብራት። አቅራቢው የወረዳዎችን የሥራ አፈጻጸም ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ደርድረው አሳዩን። «ሰንጠረዥ 4ን ይመልከቱ» አሉ። ተመለከትን። ከላይ የተጻፉት ወረዳዎች ተወካዮች ወንበራቸው ላይ ተደላድለው ተቀመጡ፤ ከታች የተጻፉት አቀረቀሩ።

ቀጥሎ ውይይት ተባለ። እጁን ያወጣ ሁሉ «በመጀመሪያ የቀረበው ጽሑፍ እጅግ ጥሩና አስተማሪ ነው» ብሎ ይጀምራል፤ «ይኸው ተጠናክሮ ይቀጥል» ብሎ ይጨርሳል። በመጨረሻ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ባለሙያ ተነሣ። ወረዳው የሰንጠረዡን የመጨረሻ መስመር የያዘችው ናት። «እኛ ይህንን የሠራነው በአንዲት ሞተር ሳይክል ነው» አለ። «እሷም የዓመቱን ግማሽ ጋራዥ ነበረች። አንደኛ የወጡት በስንት መኪና እንደሠሩ ሰንጠረዡ ላይ የለም።» አዳራሹ ሳቀ። አወያዩም «ጥሩ አስተያየት ነው፤ እንይዘዋለን» አሉና የሻይ እረፍት ሆነ።

ውጭ ወጥቼ ጥላ ስር ስቀመጥ፣ የድምፅ መሣሪያውን የሚቆጣጠሩ ሁለት ወጣቶች ስልክ ላይ ተደፍተው ይከራከራሉ። እንደ ሽማግሌ ወጉ ነውና «ምንድን ነው ጭቅጭቁ?» አልኳቸው።

«ጌም ነው ጋሼ» አለ አንደኛው። ፋይናል ፋንታሲ ታክቲክስ የሚባል፣ ጃፓኖች በ1997 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ጨዋታ ነው። ሜዳው በካሬ የተከፋፈለ ነው። ተጫዋቹ ወታደሮቹን በየተራ ያንቀሳቅሳል። ወታደሮቹ ሙያ አላቸው፤ ቀስተኛ አለ፣ ፈረሰኛ አለ፣ መነኩሴ አለ፣ መድኃኒት ቀማሚ አለ፣ አስማተኛ አለ።

«ታዲያ ምኑ ያከራክራል?»

«ይሄ ጨርሶታል ጋሼ፤ በኒንጃ ነው የጨረሰው። በኒንጃ ማን ይጨርሳል የለም? እኔ በኬሚስት ብቻ ልጨርስ ነው። አምስቱንም ኬሚስት አድርጌ።»

«ደካማውን መርጠህ ማለት ነው?»

«አዎ! በጠንካራው ማሸነፍማ ምን ዋጋ አለው?»

የዓለም ተጫዋቾች ለዚህ ጉዳይ ደንብ አውጥተውለታል አሉኝ። ሠራዊቱን በሙሉ ከአንድ ሙያ ብቻ መልምሎ እስከ መጨረሻው መዝለቅ ነው። የትኛው ሙያ ቀላል፣ የትኛው ከባድ እንደሆነም ደረጃ ያወጣሉ። በቀስተኛ የጨረሰ ይከበራል፤ በኒንጃ የጨረሰ ግን «እሺ፣ ጎበዝ» ተብሎ ይታለፋል። ወጣቱ ይህን ሲነግረኝ ፈገግ አልኩ። እሱ አዲስ ነገር የመሰለው ጉዳይ አያት ቅድመ አያቶቻችን ቀይ ጨርቅ ዘርግተው ሲጨቃጨቁበት የኖሩት ነው። ስሙም አዳራሹ ውስጥ ግድግዳው ላይ እንደተጻፈ ነበር፤ ሰንጠረዥ።

እንግዲህ ወደ ቃሉ እንምጣ። ዛሬ ሰንጠረዥ ስንል የሚታየን ሪፖርት ነው። ኳስ ወዳዱ ደግሞ የደረጃ ሰንጠረዥ ይታየዋል፤ ሐዋሳ ከነማ ስንተኛ ነው የሚለውን። ቃሉ ግን የጨዋታ ስም ነው። ሕንዶች በሳንስክሪት ቻቱራንጋ አሉት፤ አራት ክፍል ማለት ነው፤ ዝሆን፣ ሠረገላ፣ ፈረሰኛና እግረኛ፤ የሠራዊት አራት ወገን። ፋርሶች ቻትራንግ አሉት፣ ዐረቦች ሻትራንጅ፣ እኛ ሰንጠረዥ። አውሮፓ የደረሰው ደግሞ ዛሬ ቼዝ የምንለው ሆነ። ጥንት ባለ 64 ቤት መጫወቻ የነበረው ስም፣ ዛሬ መስመር የተሰመረበት ማንኛውም ወረቀት ስም ሆኖ ቀረ።

በአገራችን የቆየ ጨዋታ ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዐፄ ልብነ ድንግል ቢቺኒ ከሚባል የቬኒስ ሰው ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር በዚያው ዘመን ተጽፏል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጡ የአውሮፓ ተጓዦችም በየመሳፍንቱ ግቢ ሲጫወቱት አይተዋል። እቴጌ ጣይቱ በገና ይደረድሩ፣ ሰንጠረዥም ይጫወቱ እንደነበር ይነገራል። ስለ ጨዋታው ታሪክና ሕግ በሰፊው ጽፈው ያቆዩልን ደግሞ ሪቻርድ ፓንክኸርስት ናቸው፤ በ1971 (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ።

ሰሌዳው እንደ ዛሬው ቼዝ ነጭና ጥቁር የተዥጎረጎረ አልነበረም። ብዙውን ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሆኖ በላዩ ላይ ጥቁር ወይም ሰማያዊ መስመር የተሰፋበት ነው። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ ወይም ከቀንድ ይቀረጻሉ። ለአንድ ተጫዋች 16 ጠጠር አለው፤ አንድ ንጉሥ፣ አንድ ፈርዝ፣ ሁለት ፊል፣ ሁለት ፈረስ፣ ሁለት ደር፣ ስምንት መደቅ።

አሁን እንደ ወጣቶቹ ደረጃ እናውጣ። ደር ዛሬ ግንብ የምንለው ነው። ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ወደ ጎን እንደልቡ ይነጉዳል፤ ከ64ቱ ቤት የማይረግጠው የለም። በኃይል አንደኛ እሱ ነው። ፈረስ እንደ ዛሬው ይዘላል፤ እሱም ጊዜ ከተሰጠው ሁሉንም ቤት ያዳርሳል። ሁለተኛ ይሁን። ፈርዝ የንጉሡ አማካሪ ነው። ዘመናዊው ቼዝ ላይ ንግሥት ሆና ሰሌዳውን የምታምሰው እሷው ናት፤ ነገር ግን ይህንን ኃይል ያገኘችው በአውሮፓ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። የእኛው ፈርዝ በጥንቱ ሕግ ቀረ። በማዕዘን አንዲት ቤት ብቻ ነው የሚራመደው፤ ቀለም የተቀባ ሰሌዳ ቢሆን ኖሮ ዕድሜውን ሙሉ ከአንዱ ቀለም አይወጣም ነበር። በ32 ቤት ተወስኖ ይኖራል። ፊል፣ ማለትም ዝሆኑ፣ ከዚህም የባሰ ነው። በማዕዘን ሁለተኛዋ ቤት ላይ ይዘላል፤ መሐል ላይ ማንም ቢቆም ግድ የለውም። ሲያዩት ያስፈራል፤ ሲቆጥሩት ግን ከ64 ቤት መርገጥ የሚችለው 8 ብቻ ነው። መደቅ እግረኛው ነው። ወደፊት አንድ ቤት፣ ሲበላ በማዕዘን፣ መመለስ የለ።

እስካሁን ያወጣነው ደረጃ ትክክል ነው፤ ግን የኃይል ደረጃ ነው። የሰንጠረዥ ተጫዋቾች ሌላ ደረጃ ነበራቸው፤ እሱም የዚህ ተገላቢጦሽ ነው።

ሕጉ እንዲህ ነበር። የባላጋራን ንጉሥ በደር ማት ማለት ያሸንፋል፤ አያስከብርም። ማንም በደር ያሸንፋላ! በፈረስ ማት ማለት ከዚያ እምብዛም አይሻልም። በፈርዝ ወይም በፊል፣ ያውም ብዙ ጠጠር አቀናጅቶ ማት ማለት ግን ሙያ ነው፤ ተመልካቹ «እሰይ!» ይላል። ከሁሉም የሚደነቀው በመደቅ ማት ማለት ነው። ንጉሡን በግንብ ሳይሆን በእግረኛ ጦር ማስያዝ። ያ ወጣት «በኒንጃ ማን ይጨርሳል የለም» ያለው ይህንኑ ነው፤ ጥላው ስር ተቀምጦ ሳያውቀው የአያቱን ሕግ እየጠቀሰ ነበር።

ሌላም ሕግ አለ፤ እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚገርመኝ። ሠራዊቱ አልቆበት ብቻውን የቀረ ንጉሥ ማት አይባልም። አይቻልም። ከንጉሡ ጋር አንድ ሹም ብቻ ቀርቶ እንደሆነ ደግሞ፣ ያ ሹም ሰባት ጊዜ ከመንቀሳቀሱ በፊት ማት ማለት ግድ ነው። ካለፈ አለፈ። ስለዚህ የሚያሸንፈው ሰው የባላጋራውን ጠጠር ዝም ብሎ እየለቀመ መጨረስ አይችልም፤ ጠላቱን አራቁቶ ካስቀረው ድሉን ራሱ ያጣዋል። ለማሸነፍ ከፈለገ ለባላጋራው የሚበቃ ሰው መተው አለበት። ይህንን በጥሞና አስቡት። የአገራችን የሥልጣን ታሪክ ውስጥ የተሸነፈን ወገን ከነሥሩ መንቀል ብዙ ጊዜ ታይቷል፤ በየግቢው የሚዘረጋው ቀይ ጨርቅ ላይ ግን ሕጉ «ተው» ይል ነበር።

የጨዋታው አጀማመርም የራሳችን ነው። በሌላው ዓለም አንዱ ይነካል፣ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። በሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም። ወረራ ይሉታል ይህንን ምዕራፍ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ በፈለጉት ፍጥነት፣ የፈለጉትን ያህል ጠጠራቸውን ያሰልፋሉ፤ የባላጋራን አሰላለፍ በዓይን እየሰለሉ የራሳቸውን ይለውጣሉ። አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ እንዲህ ይቀጥላል። የመጀመሪያው ጠጠር ከወደቀ በኋላ ግን ተራ በተራ ይሆናል።

ይህ አሰላለፍ ክተትን ያስታውሰኛል። ዐፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ክተት ሲያውጁ የሸዋው ጦር ወረኢሉ ላይ እንዲጠብቃቸው አዘዙ። ራስ መኮንን ከሐረር፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከጎጃም፣ ራስ ሚካኤል ከወሎ፣ እያንዳንዱ በራሱ መንገድና ፍጥነት ገሠገሠ። ማንም የማንንም ተራ አልጠበቀም። ኅዳር 28 ቀን አምባላጌ ላይ የመጀመሪያው ጠጠር ወደቀ። ሠራዊታችን ራሱ በሹመት ስሙ ሰሌዳ ይመስላል፤ ከፊት የሚመራው ፊታውራሪ፣ በቀኝ ቀኝ አዝማች፣ በግራ ግራ አዝማች። ሰንጠረዥ ጦርነት አስተማረን ልል አይደለም። ጦር አሰላለፍ የሚያውቅ ሰው ግን ሰሌዳው ፊት ሲቀመጥ እንግድነት አይሰማውም ነበር።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ፣ ድሮ ድሮ ሁሉም ነገር ጥሩ ነበር ብዬ ብዘጋው ደስ ባለኝ። ግን ያየ ሰው ጽፎብናል።

ሄንሪ ሶልት የሚባል እንግሊዛዊ በ1805 (እ.ኤ.አ.) አንጣሎ ሄዶ የትግራዩን ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴን አግኝቶ ነበር። ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ይወዱ ነበር። ሶልት እንደጻፈው ጠጠሮቹ ትልልቅና ሻካራ ናቸው፤ ተጫዋቹ የባላጋራውን ጠጠር ሲበላ በኃይል መትቶ ነው ከቦታው የሚያስነሣው። ጫጫታው አይጣል ነው። ዙሪያውን የቆመው ሁሉ፣ ባሪያዎች ሳይቀሩ፣ ድምፅ አላቸው፤ «እንዲህ ይሻላል» እያሉ እጃቸውን ሰደው ጠጠር አንሥተው ያሳያሉ። ሌላ ጊዜ ጌታው ፊት ቀና ብሎ የማይናገር ሰው፣ ሰሌዳው ላይ ግን ጌታውን ያርማል። እንዴት ያለ መልካም ነገር ነው!

ሶልት ግን አንድ ነገር ጨመረ። እነዚህ ሁሉ ሰዎች፣ በብዙ ብልሃት፣ ሁልጊዜ ራስ ወልደ ሥላሴ እንዲያሸንፉ ያደርጉ ነበር።

ይኸው ነው። ተናገር ተባለ፣ ተናገረ፣ እጁንም ሰደደ፣ ጠጠርም አነሣ። ውጤቱ ግን አስቀድሞ የታወቀ ነው። ይህንን ባነበብኩ ቁጥር ስብሰባ ትዝ ይለኛል። «በመጀመሪያ የቀረበው ጽሑፍ እጅግ ጥሩ ነው» የሚለው ንግግር የዛሬ አይደለም፤ ከ200 ዓመት በላይ ሆኖታል። የሚያሳዝነው ለራሱ ለራስ ወልደ ሥላሴ ነው። በመደቅ ማት ብለው «እሰይ!» ሲባሉ፣ ጭብጨባው ለጨዋታው ይሁን ለጋሻቸው በምን ያውቃሉ? የበላይን ማስደሰት መጀመሪያ የሚጎዳው በላዩን ነው። ራሱን የሚለካበት ነገር ያሳጣዋል።

ሌላም አለ። ሶልት እንደታዘበው መደቅ የሰሌዳው ጫፍ ቢደርስም ሹመት አያገኝም። ዘመናዊው ቼዝ ላይ እግረኛው ተንፏቆ ተንፏቆ ስምንተኛው ቤት ሲደርስ ንግሥት ይሆናል። የእኛው መደቅ እንደወጣ መደቅ ሆኖ ይቀራል። አስቡት እንግዲህ፤ ከሁሉ የተከበረው ድል በመደቅ የተገኘው ነው፣ መደቁ ግን ምንም አያገኝም። ክብሩ ለእግረኛው ሳይሆን እግረኛውን ላንቀሳቀሰው እጅ ነው። በደካማ መሣሪያ ያሸነፈ ጌታ ይደነቃል፤ ደካማው ግን ነገም ደካማ ሆኖ ይሰለፋል።

ወዳጆቼ «ጨዋታ ነው፣ ምን ያህል ትመረምረዋለህ?» ይሉኛል። እኛ ግን ጨዋታን ከቁም ነገር ለይተን የማናውቅ ሕዝብ ነን። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም እንላለን። ሎሌው ሩሩን ሲመታ በትሩ የጌታውን ቅልጥም ቢያገኘው ይቅር ይባላል፤ የዚያን ቀን ማዕረግ የለም። ይህ አባባል ሁለት ነገር ይነግረናል። አንደኛ፣ ማዕረግ የሚረሳበት ቀን እንደሚያስፈልግ አያቶቻችን ያውቁ ነበር። ሁለተኛ፣ ያ ቀን በዓመት አንድ ነበር። ገና ሜዳ ላይ ሎሌው በእውነት ያሸንፋል፤ ምንጣፍ ላይ፣ ሰንጠረዥ ፊት ግን ራሱን ያሸንፍ ዘንድ አይደፍርም። ለምን? ሜዳ ላይ የሚወዳደረው ጉልበት ነው፤ በጉልበት መሸነፍ ጌታን ያን ያህል አያሳፍርም። ሰሌዳው ላይ የሚወዳደረው ብልሃት ነው። ጌታ ደግሞ በብልሃት መበለጥን አይወድም።

ሰንጠረዥ ዛሬ የለም ማለት ይቻላል። ከ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ በኋላ ጨዋታው እየጠፋ ሄደ። ሲጫወቱት የኖሩት መኳንንት ገሚሶቹ ጦር ሜዳ ቀሩ፣ ገሚሶቹ ተሰደዱ፤ ግቢው ሲፈርስ ምንጣፉም ተጠቀለለ። ከነፃነት በኋላ የመጣው ትውልድ ቼዝን ያወቀው ከትምህርት ቤትና ከመጽሐፍ ነው፤ በአውሮፓው ሕግ። በአውሮፓው ሕግ ደግሞ በግንብ ማት አልክ፣ በእግረኛ ማት አልክ፣ ነጥቡ አንድ ነው። እንደ ውድድር ሕግ ይህ ትክክል ነው፤ ዳኛ ውበት ልቆጥር ቢል ጭቅጭቁ አያልቅም። የጠፋብን ጨዋታው ብቻ ግን አይደለም፤ ጨዋታው የሚጠይቀው ጥያቄም ነው። «አሸነፍክ ወይ?» ከሚለው ቀጥሎ «በምን?» የሚለው።

ይህ ጥያቄ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ፈተና ላይ አንደኛ የወጣው ተማሪ ቤተ መጻሕፍት ያለው ትምህርት ቤት ተምሮ ነው ወይስ በኩራዝ አጥንቶ? ሐኪሙ የዳኑለትን ሰዎች ስንቆጥር በእጁ የነበረውን መሣሪያ ቆጠርን ወይ? ኃይልና ክብር አንድ መስመር ላይ የሚጻፉ ከሆነ፣ ደር ሁልጊዜ አንደኛ ነው፣ መደቅ ሁልጊዜ መጨረሻ። ጨዋታ መጫወትም አያስፈልግም፤ ጠጠሮቹን ቆጥሮ ወደ ቤት መሄድ ነው።

እርግጥ ነው፣ «በምን?» የሚለው ጥያቄ ለሰነፍም ሰበብ ይሆናል። መኪናም እያለው «መሣሪያ አነሰኝ» የሚል ሞልቷል። ለዚህ መድኃኒቱ መሣሪያውንም ከውጤቱ ጎን መጻፍ ነው። ያኔ ሰነፉም ይታወቃል፣ ጎበዙም። የሰንጠረዥ ተጫዋቾችም ቢሆኑ ተሸንፎ «በመደቅ እኮ ነው የሞከርኩት» ያለውን አላጨበጨቡለትም። ያጨበጨቡት በመደቅ ላሸነፈ ነው።

ሻዩ አልቆ ወደ አዳራሹ ተመለስን። ሰንጠረዥ 4 ግድግዳው ላይ እንዳለ ነው። ከላይ ያሉት ወረዳዎች እንደተደላደሉ ናቸው። ያን ከኋላ የተቀመጠ ባለሙያ በዓይኔ ፈለግሁት፤ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ምን ልበለው? ወደ መጨረሻዋ መስመር በአገጬ አመለከትኩና አውራ ጣቴን አሳየሁት። ግራ ገብቶት ፈገግ አለ።

ማታ ስንበተን ወጣቱን ከድምፅ መሣሪያው ጀርባ አገኘሁት። «እህሳ፣ ኬሚስቶችህ እንዴት ሆኑ?» አልኩት።

«አለቁብኝ ጋሼ» አለና ስልኩን አሳየኝ። «ግን በኒንጃ አልጀምርም። እንደገና በኬሚስት ነው።»